ከጭላሎ ውሃ ልቀዳ ሄጄ

ጭላሎን ያላያችሁ፣ የማየትም ሐሳብ የሌላችሁ ሁሉ፣ ከእኔ የተሻለ ሰው እስኪነግራችሁ ድረስ በዚህ ተጽናኑ። ተራራው አርሲ ውስጥ፣ ከአሰላ ከተማ ራስጌ ነው። አገሩን በደንብ ልግለጽላችሁ ብዬ ነበር ብዕሬን ያነሳሁት። ስጽፈው ግን ስለ ተራራው ያለኝ ጥቂት፣ ስለ ጉልበቴና ስለ ሆዴ ያለኝ ብዙ ሆኖ አገኘሁት። ምን ላድርግ፣ ከሁሉ አብልጬ ያየሁት እነሱን ነው።

እኔ አዲስ አበባ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ፕሮፌሰር ይሉኛል፣ እኔም አልጠላውም። ቅዳሜ ቅዳሜ ከባልደረቦቼ ጋር እንጦጦ እወጣለሁ። እወጣለሁ ስል መኪናው ያወጣናል፤ እኛ ወርደን ትንሽ እንራመድና ፎቶ ተነስተን ሽሮ እንበላለን። ለዚህች መንገድ ስል የተራራ ጫማ፣ ሁለት የሚታጠፍ ምርኩዝ፣ ኪሱ የማያልቅ ሰደርያና በአገጭ የሚታሰር ባርኔጣ ገዝቻለሁ። ባለቤቴ ሰናይት «ልብሱን ብቻውን ብትልከው ይወጣል» ትላለች።

ሂሩት የዶክትሬት ተማሪዬ ናት። ያደገችው ቆላው ላይ፣ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነው። እዚያ የጉድጓዱ ውሃ ፍሎራይድ ስለሚበዛበት የሰው ጥርስ ከልጅነቱ ይበልዛል። የእሷም በልዟል። ዓመታት የደከመችበት ጥናት ባጭሩ ይህ ነው፦ ውሃው ከደጋው ሲነሳ ንጹሕ ነው፣ ፍሎራይዱን የሚለቅመው ወደ ታች ሲወርድ ነው፤ ስለዚህ ከላይ በቧንቧ ቢወርድ የቆላው ልጆች ጥርሳቸው ይተርፋል። ገምጋሚዎቿ ግን «ከላይኞቹ ምንጮች የቀዳሽው ትንሽ ነው፣ ቆይቷልም፤ እንደገና ቀድተሽ ካልለካሽ መመረቂያሽን አንሰማም» አሏት። የላቦራቶሪው ተራችን ደግሞ ሰኞ ነው፤ ያ ካመለጠ እስከሚቀጥለው ሴሚስተር የለም፤ የእሷ የትምህርት ፈቃድ ከዚያ በፊት ያልቃል። ሂሩት በዚያ ሳምንት አራስ ናት።

«እኔ እሄዳለሁ» አልኳት በስልክ።

«ፕሮፌሰር፣ ተራራ ነው እኮ።»

«እንጦጦስ ሜዳ ነው እንዴ?»

ሰናይት ይህን ስትሰማ የጉልበት ቅባት ሻንጣዬ ውስጥ ከተተች።

ማክሰኞ ጠዋት ተነሳሁ። ከአዳማ ወደ አሰላ የሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ምርኩዞቼ የሰው ጎን ሲወጉ ረዳቱ «አባባ፣ ድንኳን ነው?» ብሎ ጠየቀኝና ጣራ ላይ አሰራቸው። ዴራ ላይ ሸሚዜን ከፈትኩ፣ ኢተያ ላይ ቆለፍኩ፣ አሰላ ስንደርስ ሹራብ አወጣሁ። መንገዱ ግራና ቀኙ ስንዴና ገብስ ነው። እኛ ሠፈር አንድ ካሬ ባዶ ቦታ ከተገኘ ሱቅ ይሠራበታል፤ እዚህ ዓይንህ እስኪደክመው እርሻ ነው። ያረፍኩበት ሆቴል አስተናጋጇ ሁለት ብርድ ልብስ ሰጠችኝ። «አንድ ይበቃኛል፣ ተራራ ወጪ ነኝ» አልኳት። «ይሁን፣ አንዱ ወንበሩ ላይ ይቀመጥ» አለች። ወንበሩ ላይ ብዙም አልቆየ።

ረቡዕ በባጃጅ፣ ከዚያ በእግር፣ ጭላሎ ግርጌ ካለችው መንደር ደረስኩ። ተቀባዬ መምህር ገመቹ ነው፤ በመንደሩ ትምህርት ቤት ሳይንስ ያስተምራል፣ በፊትም ለሂሩት ምንጮቹን ያሳያት እሱ ነው። ባለቤቱ ወይዘሮ ጫልቱ «አካም ቡልታኒ» ብላ እጄን በሁለት እጇ ያዘችና ስለ ባለቤቴ፣ ስለ ልጆቼ፣ ስለ አዲስ አበባ ዝናብ አንድም ሳይቀር ጠየቀችኝ። እኔ ጎረቤቴን በዓመት እንዲህ አድርጌ አልጠይቀውም። ለምን እንደመጣሁ ስትጠይቀኝ «ለምርምር» አልኩና ስለ ጫማዬ ማውራት ጀመርኩ።

ምንጮቹ አምስት ናቸው። አንደኛው ከመንደሩ በላይ፣ አምስተኛው ከደኑ አልፎ የአስታ ቁጥቋጦ ከሚበቅልበት ብርዳም ቦታ ነው። መምህር ገመቹ ኮቱን እንደለበሰ፣ የላስቲክ ጫማውን እንዳጠለቀ፣ እያወራ ይወጣል። እኔ ሁለተኛው ምንጭ ጋ ስደርስ መልስ መስጠት አቆምኩ፤ ሦስተኛው ጋ መስማት አቆምኩ። አራተኛው ጋ እንጨት የተሸከሙ እናት ከኋላዬ መጥተው አለፉኝና ዞር ብለው ለመምህሩ በኦሮምኛ አንድ ነገር ተናገሩ።

«ምን አሉ?»

«‘ሐኪም ቤት በዚያ በኩል ነው፣ ለምን ወደ ላይ ታወጣዋለህ’ ነው የሚሉት።»

የሆነው ሆኖ ቀዳሁ። የምርምር ጠርሙሶቻችን ውስጡን የማያሳይ ነጭ ፕላስቲክ ናቸው። እያንዳንዱን በምንጩ ውሃ ሦስቴ አለቅልቄ፣ ሞልቼ፣ ቁጥር ለጥፌ፣ ዚፕ ባለው ቦርሳ ደረደርኳቸው። ስንወርድ ቦርሳውን እንደ ታቦት ነበር የተሸከምኩት፤ መምህሩ ልያዝልዎት ቢል እምቢ አልኩ።

ራት ቀረበ። የቤቱ ሰዎች ጴንጤዎች ናቸው፤ ጸሎቱ ለእኔ ጉልበት፣ ለባለቤቴ፣ ለዩኒቨርሲቲውና ለመንገዱ ሾፌሮች ሁሉ ስለደረሰ ምግቡ ትንሽ በረደ። አሜን ስንል ጫልቱ እንስራ የሚያህል ብርጭቆ ወተት ፊቴ አስቀመጠች። አሁን እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተበላሸው። ወተት አይስማማኝም። ከቀመስኩት ሆዴ ውስጥ ከበሮ ይመታል። ይህን ለመናገር አፈርኩ። ተራራ ወጪ ነኝ ያለ ሰው ወተት ፈራሁ ይላል እንዴ!

«ረቡዕ ነው፣ እጾማለሁ» አልኩ።

ሰናይት ብትሰማ ሳቋን አትችለውም ነበር፤ የዚያን ዕለት ጠዋት አሰላ ላይ እንቁላል ፍርፍር በልቻለሁ። ጫልቱ ደነገጠች። «ውይ! ይቅርታ ጋሼ፣ ዘነጋሁ!» ብላ ወተቱን አነሳች። ከወተቱ ጋር ጩኮውንም አነሳችው። ጩኮ ማለት የተቆላ የገብስ ዱቄት በቅቤ ታሽቶ ነው፤ በዓለም ላይ ከምወዳቸው ምግቦች አንዱ ነው። ቅቤ አለበታ! ጾመኛ ተብዬ ምን አፍ አለኝ። መምህር ገመቹ ጩኮውን ሲያጣጥም እኔ የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ በላሁ። ጫልቱ ማታውን ሙሉ ስታየኝ ቅር እንዳላት ፊቷ ላይ ይታያል፦ ላም እያላት እንግዳዋ በድንች አደረ።

ሐሙስ ጠዋት ወተቱ እሳት ላይ ሲጣድ አይቼ «ሰልፍ ይረፍድብናል» ብዬ መምህሩን እየጎተትኩ ወጣሁ። ስምንተኛ ክፍልን አንድ ክፍለ ጊዜ እንዳስተምርለት ለምኖኝ ነበር። ሎሚና ቤኪንግ ሶዳ ይዤ ገባሁ። ሎሚውን ሶዳው ላይ ሳፈስ አረፋው ገንፍሎ ከጠረጴዛው ወደ ሱሪዬ ወረደ፤ ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ። ከዚያ ስለ አሲድና ስለ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነፍሴ እስኪወጣ አስረዳሁ። «ጥያቄ አለ?» ስል አንዲት ልጅ ተነሳች። «ቲቸር፣ ፈተና ላይ ይመጣል?» አለች። ዩኒቨርሲቲ ያሉት የእኔዎቹም ከዚህ የተለየ ጠይቀውኝ አያውቁም፤ አገሬ የገባሁ መሰለኝ።

ከክፍል ስወጣ ጫልቱ ቦርሳዬን አዝላ በር ላይ ቆማለች። ባጃጁም መጥቷል። «ቤት መመለስ እንዳይደክምዎት ብዬ ነው» አለችና አሸከመችኝ። «መንገድ ላይ ሲጠማዎት ይጠጣሉ። ዛሬ ሐሙስ ነው፣ ጾም የለም» ብላ ሳቀች። ለመንገድ ውሃ አስቀምጣልኝ ይሆናል ብዬ «ገለቶሚ» ብዬ አመሰገንኳት፣ በኦሮምኛዬ ኮርቼ። ሐሙስና ጾም ከውሃ ጋር ምን እንዳገናኛቸው አላሰብኩም። ፕሮፌሰር ነኝ፣ ብዙ የማስበው አለኝ።

ሐሙስ አሰላ አደርኩ። ሰው ቢሆን ዓርብ ጠዋት ውሃውን ይዞ አዲስ አበባ ይገባ ነበር። እኔ ግን እዚህ ድረስ መጥቼ በቆጂ ሳልሮጥ አልመለስም አልኩ። በቆጂ የሯጮች አገር ናት፤ ብርዱም የሯጭ ነው። ቦርሳውን ሆቴል ብተወው ይጠፋብኛል ብዬ አብሬ ይዤው ሄድኩ፣ ለአንዲት ሻይ ቤት ባለቤት አደራ ሰጠሁና ወደ ሜዳው ወጣሁ። ጥቂት እንደሮጥኩ ልጃገረዶች በቡድን መጡ። «አይዞዎት አባባ!» ብለው አለፉኝ። አኮረፍኩ። ጥቂት ቆይቶ «አይዞዎት አባባ!» የሚል ሰማሁ፤ ያው እነሱ ናቸው፣ ዞረው ደረሱብኝ። ሦስተኛውን አልጠበቅኩም፤ ጫማዬን የማስር መስዬ ተቀመጥኩ፣ ከዚያም እንደተቀመጥኩ ቀረሁ።

ከሰዓት በኋላ ወደ አሰላ ስመለስ ቦርሳው ጉልበቴ ላይ ነበር። ሚኒባሱ አንድ ጉድጓድ ውስጥ ዘሎ ሲወጣ ጎኔ የተቀመጡት ሽማግሌ ነካ አደረጉኝ።

«ልጄ፣ ወተትህ እየፈሰሰ ነው።»

«ወተት አይደለም አባቴ» አልኩ በአስተማሪ ድምፅ። «የምርምር ውሃ ነው።»

ሽማግሌው ሱሪዬን አዩ። «እናንተ አገር ውሃው ነጭ ነው?»

ዚፑን ከፈትኩ። የሦስተኛው ክዳን ተገፍቶ እርጎ ሊሆን የጀመረ ወተት ይንቆረቆራል። አንደኛውን ከፈትኩ፣ ወተት። ሁለተኛው፣ ወተት። አምስተኛው፣ በእንብርክክ የቀዳሁት አምስተኛው፣ ወተት! እስከ አፉ ጢም ብሎ ሞልቷል። የቁጥሩ ወረቀት እንኳ እንዳይነካ ተጠንቅቃለች። የሐሙስ ሳቋ፣ ያዘነ ፊቷ፣ ያልበላሁት ጩኮ፣ ሁሉም አንድ ላይ መጣብኝ። እንግዳዋ የቤቷን ወተት ሳይቀምስ፣ ውሃ ተሸክሞ እንዲሄድ አልፈቀደችም። እኔ ጾመኛ ነኝ ባልል ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር። ሂሩት ትዝ አለችኝ፣ ሰኞም ትዝ አለኝ፣ እንባዬ መጣ። ሽማግሌው አይተው «አይዞህ፣ ወተት እኮ ነው፣ ነገ ላሟ ትታለባለች» አሉኝ።

በወተት የተነካ ጠርሙስ ለዚህ ልኬት አይሆንም። ስለዚህ ቅዳሜ ማለዳ አሰላ መንገድ ዳር ቆሜ አዲስ የታሸገ ውሃ ገዛሁና አንድ በአንድ ወደ ቦይ ደፋሁት፤ የፈለግኩት ጠርሙሱን ነው። ሰው ከበበኝ። አንዷ ሴት «ይሄኔ ታሞ ነው» ስትል ሰማኋት። በሞተር መንደሩ ስደርስ መምህር ገመቹ የለም፤ ለለቅሶ ጎበሳ ሄዷል። ጫልቱ ብቻዋን ነበረች።

«ጋሼ! ምን ረሱ?» አለች፤ መልሴን ሳትጠብቅ ወተት አመጣች። የትኛው ጾም ይድረስልኝ? ቅዳሜ ነው። የመጣሁት ደግሞ ልለምናት ነው። ዓይኔን ጨፍኜ ጨለጥኩት።

ከዚያ ሞተሩ ላይ ሆኜ ያጠናሁትን ተናገርኩ፦ «ያ የቀዳሁት ውሃ ፈሰሰብኝ።»

«የቱ ውሃ? በነጭ ጠርሙስ የነበረው?» አለች። «እሱንማ እኔ ነኝ የደፋሁት! ወተት ሞላሁልዎት እኮ፣ አልቀመሱትም?» አለችና ፊቴን አይታ ቆመች። «ምርምር ያሉት... እሱ ነበር?»

«እሱ ነበር።»

ሁለት እጇን ጉንጯ ላይ አደረገች። «ወይኔ ጉዴ! ለምን አልነገሩኝም?»

«ለመምህር ገመቹ ነግሬው ነበር።»

«እሱ ነው ወተት የሚሞላው?» ብላ ቱግ አለች። ከዚያ ቁጣዋ ወደ እንባ ሊሄድ ሲል እኔ አልቻልኩም። ጥፋቱ የእሷ እንዳልሆነ፣ ጾመኛ እንዳልነበርኩ፣ ወተት ሆዴን እንደሚያውከኝ ሁሉንም ዘረገፍኩት። እጄ ላይ ያለውን ባዶ ብርጭቆ አየች።

«ታዲያ ይሄን ለምን ጠጡት?»

«አፍሬ።»

ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች፤ መሬት እስክትቀመጥ ሳቀች። «ፕሮፌሰር ሆነው ‘አይስማማኝም’ ማለት አቃተዎት?» እንባዋን ጠርጋ «ለመሆኑ ውሃው ለማን ነው?» አለች።

«ለተማሪዬ። በፊት መጥታ የነበረችው ሂሩት። በዚህ ውሃ ነው የምትመረቀው። አራስ ስለሆነች እኔ መጣሁ።»

ሳቋ ቆመ። «ሂሩት ወልዳለች? አራስ ቤት ውሃ ይዘው ሊገቡ ነበር?» ብላ በእውነተኛ ቁጣ ተነሳች። «ረቡዕ ማታ ሙሉ ስለ ጫማዎ ሲያወሩ ይህን አይናገሩም?» ጎረቤቷን ጠርታ ላሟን አደራ ሰጠችና «ጉም ሳይመጣ እንውጣ» ብላ ቀደመችኝ።

እስከ ሦስተኛው ምንጭ ደህና ነበርኩ። አራተኛው ጋ ስንደርስ ወተቱ ሥራውን ጀመረ። ዝርዝሩን ልተወው፤ ከአስታው ቁጥቋጦ ጀርባ ሦስት ጊዜ ሄድኩ። ጫልቱ ጨዋ ሴት ናት፤ ጀርባዋን ሰጥታ፣ እንዳትሰማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ መዝሙር ትዘምራለች። መዝሙሩ ካለቀ በኋላም እንዳልጨረስኩ ስታውቅ ከመጀመሪያው ትደግመዋለች።

ከዚያ ጉሙ ወረደ። «ማሎ ጋሼ፣ እባክዎ ይብቃ» አለች። «ጉም ከያዘን መንገዱ ይጠፋናል። አራቱ አይበቃትም?»

አይበቃትም። ገምጋሚዎቿ የሚጠይቁት አምስተኛውን ነው፤ ከሁሉ በላይ ያለው ውሃ ንጹሕ ካልሆነ የልጅቷ ልፋት ሁሉ ባዶ ነው። ይህን ነገርኳት። ቀና ብላ ጉሙን አየች። «እንግዲያው ቶሎ» አለች፣ አንዱን ምርኩዜን ተቀብላ ሌላኛውን ጫፍ አስያዘችኝና እንደ ዓይነ ስውር መራችኝ። የመጨረሻዋን አቀበት በአራት እግሬ ነው የወጣሁት። ጣቴ ደንዝዟል፣ ሆዴ ባዶ ነው፣ ባርኔጣዬን ንፋስ ወስዶታል። ሦስቴ አለቀለቅኩ፣ ሞላሁ፣ ክዳኑን ጠረቀምኩ። ፈራሁ፣ እውነቴን ነው፤ መውረጃው አይታይም ነበር። ጫልቱ የውሃውን ድምፅ ይዘን እንውረድ አለች፤ ድምፁን ይዘን ወረድን።

እሑድ ስመለስ ጉልበቴ ላይ ውሃ፣ እግሬ ሥር ቅቤና የገንፎ ዱቄት ነበር፤ ለአራሷ። «ውሃውን ይርሱት፣ ይሄን እንዳይረሱ» ብላኛለች። አዳማ ሙቀት ውስጥ ስንገባ ቅቤው ቀልጦ ጫማዬ ላይ ወረደ። ጫማው ከዚያ ወዲህ እንጦጦ አልወጣም፤ ውሻ ይከተለኛል።

ሰኞ ራሴ ለካሁ። መሣሪያውን በእጄ ከነካሁ ዓመታት ስለሆነኝ ልጆቹ አንዱን ቁልፍ ሳይሆን ሌላውን ስጫን አንገታቸውን አቀርቅረው ይስቃሉ። ከታችኛው ምንጭ ወደ ላይኛው ስሄድ ቁጥሩ እያነሰ፣ እያነሰ መጣ። አምስተኛው ላይ መሣሪያው ምንም አላነበበም። አጥቤ ሁለት ጊዜ እንደገና ለካሁ። አሁንም ምንም።

ለሂሩት ደወልኩ። ሕፃኑ ያለቅሳል።

«አምስተኛው ስንት ነው ፕሮፌሰር?»

«ምንም የለበትም። መሣሪያው ሊያየው አልቻለም።»

«ደግመው ለኩት?»

«ሦስቴ።»

ሕፃኑ ዝም ብሎም ልቅሶው አልቆመም፤ የእሷ ነበር። እኔም ስልኩን ይዤ ከላቦራቶሪው ወጣሁ፣ ልጆቹ እንዳያዩኝ።

ከወር በኋላ ሂሩት ገምጋሚዎቿ ፊት ቆማ አለፈች። የዚያኑ ዕለት ለጫልቱ ደወልኩና ሁሉንም ነገርኳት፦ ውሃው ንጹሕ መሆኑን፣ ገምጋሚዎቹ ማመናቸውን፣ ሂሩት ዶክተር መባሏን፣ ምናልባት አንድ ቀን ቧንቧው ተዘርግቶ ከእነሱ ተራራ ውሃ ቆላ እንደሚወርድ። እስከ መጨረሻው በጥሞና ሰማችኝ።

«እሰይ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አለች። «ገንፎውንስ በላች?»

«በልታለች» አልኳት። ይሄ እንኳ እውነት ነበር።